ጎረቤቶቻችንን ፎቶ ስናነሳ

(አዋሽ ፓርክ ደርሰው በተመለሱ ሰባት አባላት ስም በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)



አዋሽ ፓርክ ልንሄድ ነው ባልን ጊዜ አንዳንዶቻችሁ፣ «ሳላና ከርከሮ ፎቶ ማንሳት ለእኛ ምን ይረባናል? የሳምንት ቁጠባችንን እንኳ የምናሟላው በስንት መከራ ነው» ብላችሁን ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። ስለዚህ ዛሬ ያየነውን ብቻ ሳይሆን ለምን እንደሄድን፣ ፎቶውን እንዴት እንዳነሳንና ከእንግዲህ ምን ብናደርግ እንደሚሻል እንነግራችኋለን። ያሳጠብናቸው ፎቶዎች በግድግዳው ላይ ተለጥፈዋል፤ ከንግግሩ በኋላ ቡና እየጠጣችሁ ታዩአቸዋላችሁ።

አስቀድመን የገንዘቡን ነገር እናጥራ። ከማኅበሩ ቁጠባ አንድ ብር አልተነካም። የነዳጁን፣ የመግቢያውንና የስካውቱን ከየግላችን አዋጥተናል። መኪናው የአንዷ አባላችን ቤተሰብ ሚኒባስ ነው፤ የነዳችውም እሷው ናት። ስንቃችንን ቋጥረን፣ ውኃችንን በጀሪካን ይዘን፣ የመንገዱን ሰላም አስቀድመን ጠይቀን፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣን። አስጎብኚ ድርጅት አልቀጠርንም።

እንዲህ በገዛ መኪና እየነዱ የዱር እንስሳ ማየት አዲስ ነገር አይደለም። «ሳፋሪ» የምንለው ቃል የስዋሂሊ ነው፤ ፍቺውም ጉዞ ማለት ብቻ ነው። በደቡብ አፍሪካው ክሩገር ፓርክ ቤተሰብ ልጆቹን ጭኖ ራሱ እየነዳ ይገባል። ሕጉ ግን ጥብቅ ነው፤ በአስፋልት ላይ በሰዓት ከ50፣ በጠጠር መንገድ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ መንዳት አይፈቀድም። ከተፈቀዱ ቦታዎች ውጪም ከመኪና መውረድ ክልክል ነው። እኛ በአዋሽ ስንገባ ደግሞ መሣሪያ የያዘ ስካውት አብሮን ገብቷል። ስካውቱን ለጥበቃ ብቻ የመጣ አድርጋችሁ አትዩት። ሳላው ጠዋት የት እንደሚውል፣ የትኛው መንገድ መኪና እንደሚያስጥል፣ የት መውረድ እንደሚቻልና የት እንደማይቻል የሚያውቀው እሱ ነው። «ቁሙ» ሲለን ቆምን፤ «አትውረዱ» ሲለን አልወረድንም። በመልካሙ ፎቶአችን ሁሉ የእሱ እጅ አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ፤ ለምን ሄድን?

በከተማችን መካከል የሚያልፈውን መንገድ ሁላችንም እናውቀዋለን። የጅቡቲው ከባድ መኪና ሌት ተቀን ይመላለስበታል። በበዓልና በሳምንቱ መጨረሻ ደግሞ ካሜራ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሰዎች በላንድክሩዘር ያልፋሉ። ቆመው ከእኛ ሻይ ይጠጣሉ፣ በቆሎ ይገዛሉ፣ ይሄዳሉ። የሚሄዱበት ቦታ ከእኛ ምን ያህል ይርቃል? ከወለንጪቲ እስከ መተሐራ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የፓርኩ በር ከመተሐራ ብዙም አይርቅም። ሆኖም ከሰባታችን ከሁለታችን በስተቀር ሳላን በዓይኑ ያየ አልነበረም። በአውቶቡስ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር ስንሄድ በፓርኩ መካከል ስንት ጊዜ አልፈናል! ግን ወይ ተኝተን ነው፣ ወይ ስለ ዕቃችን እያሰብን ነው።

የአዋሽን ፎቶ ሌሎች ሲያነሱት ኖረዋል። ከእነርሱ አንዱ በ1910 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊ ዊልፍሬድ ቴሲጀር ነው። በ1933 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከአዋሽ ባቡር ጣቢያ ተነሥቶ ወንዙን ተከትሎ በአፋር ምድር እስከሚያልቅበት ሄዷል። በሕይወት ዘመኑ ያነሳቸው ፎቶዎች ዛሬ በእንግሊዝ አገር፣ ኦክስፎርድ በሚገኘው ፒት ሪቨርስ ሙዚየም ተቀምጠዋል። መነሳታቸው ደግ ነው፤ ባይነሱ ያ ዘመን ጨርሶ ይጠፋ ነበር። ነገር ግን የልጅ ልጆቻችን የአያቶቻቸውን ወንዝና ተራራ ለማየት ባሕር መሻገር አይገባቸውም። አሁን ስልክ በየእጃችን አለ። እኛም ልናነሳ፣ እኛም ልናስቀምጥ እንችላለን። የሄድንበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሁለተኛውን ወደ ኋላ እንደርስበታለን።

ስለ ፓርኩ ጥቂት እንበል። አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በ1966 ተቋቁሞ በ1969 በሕግ የጸና ነው፤ ሁለቱም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ዋናው አስፋልት መሀሉን ሰንጥቆት ያልፋል። በስተደቡብ ኢላላ ሳላ የሚባለው ሰፊ ሜዳና የአዋሽ ወንዝ ፏፏቴ፣ በስተሰሜን ደግሞ የፈንታሌ ተራራና ዘንባባ የከበበው ፍል ውኃ አሉ። የፈንታሌ ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ 2007 ሜትር ነው። ከ450 በላይ የወፍ ዓይነት ይገኝበታል። ከእንስሳቱ ሳላ፣ የሜዳ ፍየል፣ አምባራይሌ፣ እንሹ፣ ከርከሮ፣ ሰጎን፣ ዝንጀሮ፣ አዞና ጉማሬ አሉ። አንበሳና ጅብም አለ፤ እኛ ግን ድምፅም አልሰማን። «አንበሳ አላያችሁም እንዴ?» ብላችሁ የምታዝኑ ካላችሁ፣ አንበሳን ብቻ ፍለጋ የሚሄድ ሰው ሌላውን ሁሉ ሳያይ ይመለሳል።

ፎቶ እንዴት እንዳነሳን አሁን እንናገር። ባለሙያዎች አይደለንም። አምስቱ ስልኮች ተራ ስልኮች ናቸው፤ አንድ ካሜራ ከዘመድ ተውሰናል። ቀጥሎ የምንላችሁን ማንኛችሁም ልታደርጉት ትችላላችሁ።

የመጀመሪያው ነገር ሰዓት ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ያለው ብርሃን ለስላሳ ነው። ጥላው ረጅም ነው፤ የሳሩ ቢጫነት፣ የሳላው ቀንድ፣ የተራራው ሸንተረር ጎልቶ ይታያል። እንስሳቱም በዚያ ሰዓት ይሰማራሉ። ከ4 ሰዓት በኋላ ቆላው ይግላል። ከመሬት የሚነሣው ሙቀት አየሩን ስለሚያርገበግበው በሩቁ ያለው እንስሳ በውኃ ውስጥ ያለ ይመስላል፤ ይህን ምንም ካሜራ አያስተካክለውም። በግድግዳው ላይ በጠዋትና በቀትር አንድ ቦታ የተነሱ ሁለት ፎቶዎች ጎን ለጎን አሉ፤ አወዳድሩ። በቀትር ዛፍ ጥላ ሥር ዐርፈን ስንቃችንን በላን። ከ10 ሰዓት በኋላ ብርሃኑ እንደገና ይለሰልሳል።

ሁለተኛው መኪናው ነው። መኪና ለፎቶ አንሺ እንደ መጋረጃ ያገለግላል። እንስሳው መኪናን ከሰው ያነሰ ይፈራል፤ ከመኪና የወረደ ሰው ባየ ጊዜ ግን ይሸሻል። ስለዚህ ሳላ ስናይ ከሩቁ ፍጥነት ቀነስን፣ ቀስ ብለን ቆምን፣ ሞተር አጠፋን። ሞተሩ ካልጠፋ መኪናው ይንቀጠቀጣል፤ እጃችሁም አብሮ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ከቤት ያመጣነውን መላ ተጠቀምን። ሁለት ኪሎ ሽምብራ የሞላንበትን የጨርቅ ከረጢት በመስኮቱ ጠርዝ ላይ አስቀመጥን፤ ስልኩን በላዩ ላይ አሳረፍን። ሽምብራው የስልኩን ቅርጽ ይዞ ይተኛል፣ እጅ አይንቀሳቀስም። ባለሙያዎቹም ለትልልቅ ካሜራቸው ይህንኑ ዓይነት ከረጢት ይጠቀማሉ። ከጉዞው በኋላ ሽምብራው ሽሮ ሆኗል።

ሦስተኛው ርቀት ነው። ሳላ ፊቱ በጥቁርና በነጭ የተቀባ የሚመስል፣ ቀንዱ እንደ ጦር ቀጥ ያለ እንስሳ ነው። ሲግጥ አንገቱን ያቀረቅራል። ቀና ብሎ ካያችሁ አይቷችኋል ማለት ነው፤ እዚያው ቁሙ። እንደገና ወደ ሣሩ ከተመለሰ ተቀብሏችኋል። ፊቱን አዙሮ መራመድ ከጀመረ ግን በቅቶታል፤ አትከተሉት። በደረቅ ወቅት ሳላ ውኃ ሳይጠጣ ከሚበላው ቅጠልና ሣር እርጥበት እያገኘ ብዙ ቀን ይቆያል። ያንን አቅሙን የሚያኖረው በመቆጠብ ነው። እኛ ለአንድ ፎቶ ብለን ካስሮጥነው በላቡ ያጠራቀመውን እናስወጣበታለን። ቁጠባ ምን ማለት እንደሆነ የምናውቅ እኛ ይህን መረዳት አያቅተንም።

አራተኛው፣ ስልካችሁ የማይችለውን አታስገድዱት። በስልክ ዙም ብዙ ስትስቡ ምስሉ ይበጣጠሳል። እንስሳው ሩቅ ከሆነ ሩቅነቱን አሳዩ። ሰፊውን ሜዳ፣ ከበስተኋላው ፈንታሌን፣ በመካከል አራት ትንንሽ ሳላዎችን አድርጉ። እንስሳው የሚኖርበት አገር አብሮ ሲታይ ፎቶው ብዙ ይናገራል። ሰማይና ምድር የሚገናኙበትን መስመር ከመሀል ከፍ ወይም ዝቅ አድርጉት። ሰማዩ ከነጣባችሁ ስክሪኑን በጣታችሁ ነክታችሁ የምትመጣውን የፀሐይ ምልክት ወደ ታች ሳቡት። ፍላሽ አትጠቀሙ። አቧራው ብዙ ስለሆነ መኪናው ሲሄድ ስልኩን በነጠላ ጠቅልሉት።

አምስተኛው ከሁሉ የሚበልጠው ነው፤ ጻፉ። በየፎቶው ጀርባ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ጽፈናል። በአንዲት ደብተርም መዝግበናል፤ ለመጥፋት እንዳይመች በፍላሽ ዲስክ ገልብጠን ለማኅበሩ ጸሐፊ ሰጥተናል። ቀንና ቦታ የሌለው ፎቶ ስሙ እንደ ጠፋ ሰው ነው። ለምን እንደዚህ እንደምንል ስለ ፈንታሌ ስንናገር ይገባችኋል።

የማይደረገውንም እንጨምር። ዝንጀሮ አትመግቡ። በመንገዱ ዳር ከመኪና የሚወረወር ሙዝና ዳቦ የለመደ ዝንጀሮ አስፋልት ላይ ይውላል፤ መጨረሻው በከባድ መኪና ጎማ ሥር ነው። በፏፏቴውም በፍል ውኃውም ወደ ውኃው ጠርዝ ስካውቱ ሳይፈቅድ አትጠጉ፤ አዞ አለ። ድልድይ፣ ኬላና ወታደር አታንሱ። ለማስታወቂያ ወይም ለፊልም ሥራ የሚያነሳ፣ ድሮንም የሚያስነሳ ሰው አስቀድሞ ፈቃድ ማውጣት አለበት። ፓርኩን የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ስለሆነ እዚያ ጠይቁ።

አሁን ስለ ሰው እንናገር፤ ይህ ለእኛ ከእንስሳው የከበደ ጉዳይ ነበር።

ሁላችንም ከመንገድ ዳር ሸጠን እናውቃለን። በጭስ ዓይናችን እንባ እያዘለ በቆሎ ስንጠብስ፣ ልጅ አዝለን ዕቃ ስንደረድር፣ የመኪና መስኮት ዝቅ ይልና ስልክ ይወጣል። ያነሱንና ይሄዳሉ። «እንደምን አደራችሁ» የለ፣ «ላንሳችሁ ወይ» የለ። ፎቶው የት እንደሚሄድ፣ ከሥሩ ምን እንደሚጻፍበት አናውቅም። ይህ ስሜት ያልገባት እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለች አይመስለንም።

እንግዲህ በፓርኩ መንገድ ላይ ግመል የሚነዱ የከረዩ ወጣቶች አገኘን። ጠጉራቸው የተበጠረ፣ በትራቸውን በትከሻቸው ያጋደሙ፣ ከኋላቸው የጠዋት ብርሃን ያለ፤ ለፎቶ ከዚያ የሚያምር የለም። ሁሉም ስልክ ተነሣ። ከመካከላችን አንዷ ግን፣ «መስኮቱን ዝጉ፤ አስቀድሞ ሰላምታ ነው» አለች። ስካውቱ ፈቀደልን፤ ወርዳ በኦሮምኛ ሰላም አለቻቸው። ስለ ግመሎቹ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቀች። ፎቶ ማንሳት እንችል እንደሆን ስትጠይቅ ሁለቱ እሺ አሉ፤ አንዱ አልፈልግም አለ። እሺ ያሉት ሁለቱ ናቸው በግድግዳው ላይ ያሉት። ሦስተኛው የለም፤ አለመኖሩም ትክክል ነው። የተስማሙት ፎቶአቸውን እዚያው በስልኩ ላይ አይተው ስቀዋል፤ አሳጥበን በስካውቱ በኩል ልከንላቸዋል።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር እወቁ። ፓርኩ ከመከለሉ በፊት ያ ሜዳ የከረዩ አርቢዎች የግጦሽ መሬት ነበር። በዚያው ዘመን የመተሐራ የሸንኮራ አገዳ እርሻ የወንዙን ዳር ሰፊ መሬት ያዘ። ስለዚህ በፓርኩ ውስጥ ከብት ስታዩ፣ ፎቶ አንስታችሁ «ወራሪዎች» ብላችሁ አትጻፉበት። ሳላው ሣር ያስፈልገዋል፤ ላሚቱም ሣር ያስፈልጋታል። በድርቅ ጊዜ ጥያቄው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የቦሰት ገበሬ ልጆች ሆነን አናጣውም። ፎቶአችን ሁለቱን ጎን ለጎን ያሳይ እንጂ ፍርድ አይስጥ።

ወደ ሐይቁና ወደ ተራራው እንለፍ።

ከወለንጪቲ ወጥተን ቦሰት ተራራን በስተቀኝ፣ ከዚያም የቆኔን ጥቁር ድንጋይ አልፈን ወደ መተሐራ ስንቀርብ የበሰቃ ሐይቅ ይመጣል። እናቶቻችን ያስታውሱታል፤ ትንሽ ሐይቅ ነበር። ከስድሳ ዓመት በፊት 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ሐይቅ ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። ውኃው ጨዋማ ስለሆነ ለሰውም ለከብትም ለእርሻም አይሆንም። የግጦሽ መሬት ውጧል፤ መንገዱንና ባቡሩን አስቸግሯል። ለመስፋቱ ከመስኖ የሚተርፈው ውኃና ከሥር የሚገባው የከርሰ ምድር ውኃ በምክንያትነት ይጠቀሳሉ። በሌላው አገር ሐይቅ ሲደርቅ ይለቀሳል፤ የእኛው ሲሞላ ያስለቅሳል።

በሐይቁ ዳር ቆመን በውኃ ውስጥ የደረቁ ግራሮችን አነሳን። ውብ ፎቶ ነው፤ ነጫጭ ግንዶች፣ ሰማያዊ ውኃ፣ ከበስተኋላ ፈንታሌ። የመንገደኛ ሰው «እንዴት ያምራል!» ብሎ ያልፋል። እኛ ግን ከዚያው ቦታ፣ አንድ ትልቅ ጥቁር ድንጋይ ምልክት አድርገን፣ ውኃው የት እንደደረሰ የሚያሳይ ሌላ ፎቶ አነሳን። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ወር፣ በዚያው ድንጋይ አጠገብ ቆመን እናነሳለን። በሦስተኛውም ዓመት እንዲሁ። በአምስት ዓመት ውስጥ አምስት ፎቶ በአንድ ገጽ ላይ ሲደረደር ሐይቁ ራሱ ይናገራል። ይህ ሥራ የረቀቀ ካሜራ አይፈልግም፤ የሚፈልገው በየዓመቱ የሚመለስ ሰው ነው። ጎብኚው አይመለስም፤ እኛ ግን እዚሁ ነን።

ጥቁሩ ድንጋይ ራሱ የእሳት ሥራ ነው። ከመተሐራ አጠገብ በመንገዱ ግራና ቀኝ የምታዩት የተንከረፈፈ ድንጋይ ከፈንታሌ ግርጌ ፈስሶ የቀዘቀዘ ነው፤ የመጨረሻው የፈሰሰው ዛሬ ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ነው። ተራራው እንደማይሞት በ2017 ዓ.ም. አይተናል። በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬት በተደጋጋሚ ተንቀጠቀጠች፣ ተሰነጠቀች፤ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ወጡ። ንቅናቄው እስከ አዲስ አበባ ተሰምቷል። እዚህም ልጆቻችንን አቅፈን ደጅ ያደርንበትን ሌሊት አንረሳውም።

በዚያ ሰሞን በስልካችን ምን እንደመጣ አስታውሱ። ከሌላ አገር የተወሰደ እሳት የሚተፋ ተራራ «ፈንታሌ ፈነዳ» እየተባለ ሲላክልን ነበር። ያየ ሁሉ ደነገጠ፤ ለዘመዱም አስተላለፈ። ስለ ፈንታሌ ትክክለኛ ፎቶ፣ ቀኑና ቦታው የተጻፈበት፣ ከጎረቤት ሰው እጅ ቢገኝ ኖሮ ድንጋጤው በቀነሰ ነበር። ስለዚህ ነው ጻፉ ያልናችሁ። የፈንታሌን ፎቶ ከሁለት ቦታ አንስተን አስቀምጠናል። የተራራው መልክ ዛሬ ይህ ነው፤ ነገ የተለወጠ ነገር ቢኖር ከዚህ ጋር ይተያያል።

አሁን ሁለተኛው ምክንያት ላይ ደረስን። ይህኛው ወደ ማድ ቤታችን ይገባል።

ከግድግዳው ፎቶዎች ውስጥ አንዱ እንስሳ የለበትም። የተቆረጡ ግራሮች ጉቶ ነው። ከመንገዱ ዳር ደግሞ የከሰል ጆንያ ተደርድሯል። ፎቶውን ካነሳን በኋላ በመኪናው ውስጥ ብዙ ጊዜ ዝም አልን፤ ምክንያቱም ያ ከሰል የት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። ወደ አዳማ ይሄዳል፣ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ወደ እኛም ቤት ይመጣል። አምባራይሌ የሚጠለለው በዚያ ግራር ውስጥ ነው፤ ወፉም ጎጆውን የሚሠራው እዚያው ነው። እኛ ዛሬ ቡና ያፈላነው በምንድን ነው?

ይህን ስንል ከሰል የምትሸጠዋን እህታችንን ለመውቀስ አይደለም። በዚህ ማኅበር ውስጥ በከሰል ልጆቿን ያስተማረች እናት አለች፤ አንገቷን እንድትደፋ አንፈልግም። ከመንገዱ ዳር ጆንያውን ይዘው የቆሙትን ሴቶችም ፎቶ አላነሳንም፤ ጉቶውን ብቻ አነሳን። ድህነት ያለባት ሴት ፊት ተለጥፎ «ጥፋተኛዋ ይህቺ ናት» ተብሎ እንዲታይ አንሻም። ከሰል ገዢ ከሌለ ከሰል ሻጭ የለም፤ ገዢዎቹ እኛ ነን።

ዱር አንዴ ካመለጠ መመለሱ ቀላል አይደለም። ቆርኬ የሚባለው በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የቀረ እንስሳ በ1974 እ.ኤ.አ. ከሰንቀሌ ተይዞ ወደ አዋሽ ተወስዶ ነበር፤ እንዲራባ ታስቦ ነው። ሙከራው አልያዘም። ዛሬ አዋሽ ሄዶ የቆርኬ ፎቶ ይዞ የተመለሰ ሰው አላገኘንም። ሳላው ግን አሁንም አለ። በዓይናችን አይተነዋል፤ ፎቶው ይኸውና።

ስለዚህ ለማኅበሩ ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን። ተወያዩበት፤ ያልተስማማችሁበትንም በግልጽ ንገሩን።

አንደኛ፣ የፎቶ መዝገብ ይኑረን። በየዓመቱ በአንድ ወር ከአምስት ቋሚ ቦታ እናንሳ፤ ከበሰቃ ዳር፣ ከፈንታሌ ግርጌ፣ ከኢላላ ሳላ ሜዳ፣ ከቦሰት ተራራ ፊት ለፊትና ጎርፍ ከሚቦረቡረው ከእኛው ማሳ። መዝገቡ በማኅበሩ ቁም ሣጥን ይቀመጥ። የትምህርት ቤት መምህራን ሲጠይቁ እናውስ።

ሁለተኛ፣ በሚቀጥለው ጉዞ ልጃገረዶቻችንን እንውሰድ። ወንበሩ አሥራ ሁለት ነው፤ ግማሹ ለእነሱ ይሁን። ስልክ እንደሆነ ከእኛ ይልቅ እነሱ ያውቁበታል። ደንቡን ግን ከእኛ ይማሩ፤ ከእንስሳው ራቅ፣ ለሰው ሰላምታ፣ በየፎቶው ቀንና ቦታ።

ሦስተኛ፣ ስለ ከሰሉ። በአንድ ጀምበር እንተወው አንልም፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ማን ያበስልልናል? ነገር ግን ከተለመደው የቆርቆሮ ምድጃ ያነሰ ከሰል የሚፈጀው ላቀች ምድጃ በገበያ አለ። ከማኅበራችን ብድር ለምድጃ መግዣ ትንሽ ድርሻ ይመደብ፤ አባላት በየሳምንቱ እየከፈሉ ይመልሱ። ከሰል ለምትሸጠው አባላችን ደግሞ ምድጃውን አምጥታ እንድትሸጥ የመጀመሪያው ብድር ለእሷ ይሰጣት። ከሰል ሻጯን ሳንጎዳ ግራሩን የምናተርፍበት መንገድ ይህ ይመስለናል። ከከሰሉ የምናተርፈው ብርም የሚቀጥለውን ዓመት ነዳጅ ይሸፍን ይሆናል።

እህቶቻችን፣ «ምን ይረባናል?» ብላችሁ ለጠየቃችሁት መልሳችን ይህ ነው። ሳላው፣ ሐይቁ፣ ተራራው ጎረቤቶቻችን ናቸው። ጎረቤት ሲታመም፣ ሲቸገር፣ ሲያድግም አስቀድሞ የሚያየው ጎረቤቱ ነው። እስከ ዛሬ ሌላው ሲያይልን፣ ሌላው ሲያነሳልን ኖረናል። ከእንግዲህ እኛም እንይ፣ እኛም እናንሳ፣ ያየነውንም በእውነት እንመዝግብ።

መኪናውን ላዋሰን ቤተሰብ፣ በትዕግሥት ላስተናገደን ስካውት፣ ቤታችንን ለጠበቁልን ባሎቻችንና ልጆቻችን ምስጋናችን የላቀ ነው። በሚቀጥለው ጉዞ ስማችሁን ማስመዝገብ የምትፈልጉ ከቡና በኋላ ወደ ገንዘብ ያዧ ቅረቡ። አሁን ሐሳባችሁን እንስማ።

ፈጣሪ አገራችንን በሰላም ይጠብቅልን።